ቤታ-ላክቶግሎቡሊን ከሰዓት በኋላ ቅርጹን ይቀይርብኛል፤ ሙቀቱ ነው ወይስ ኮለሙ?

ላብ_ከዚራ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ነኝ። ትንሽ የምግብ ጥራት ላብ ውስጥ ኤችፒኤልሲ (ድብልቅን በፈሳሽ ገፍቶ፣ ኮለም በሚባል ቱቦ ውስጥ የሚለያይ መሣሪያ) ላይ ነው የምሠራው። የላቡን ስም አላነሳም፤ ደመወዜን ገና እፈልገዋለሁ።

ሥራዬ የግመል ወተት ውስጥ የላም ወተት ተቀላቅሎበት እንደሆነ ማጣራት ነው። ድሬ የኖረ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ጠዋት ጠዋት ከሽንሌና ከኤረር በኩል ጀሪካን የያዙ ሴቶች ይገባሉ። አብዛኞቹ ንጹህ ወተት ነው የሚያመጡት። ግን የግመል ወተት ሲጠፋና ዋጋው ሲሰቀል፣ መሐል ላይ እጁን የሚያስገባ አይጠፋም። ቀምሼ እለያለሁ የሚል ሰው ሞልቷል። እኔ አላምነውም። ወተቱ የሚያዘው በጭስ በታጠነ ዕቃ ነው፤ ጭሱ ስንቱን ጣዕም ይሸፍናል።

ላብ ውስጥ ግን መለያ አለን። ግመል ቤታ-ላክቶግሎቡሊን የሚባለው የአጓት ፕሮቲን የላትም። ላም አላት፣ ፍየልም አላት። ስለዚህ "የግመል ነው" በተባለ ወተት ውስጥ እሱ ከታየ፣ ሌላ ነገር ገብቶበታል ማለት ነው። ወረቀት ላይ ሲያዩት ቀላል ነው።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ቅባቱን በሴንትሪፊውጅ አነሳለሁ። ኬዚኑን (የሚረጋውን የወተት ፕሮቲን) በአሲድ አረጋዋለሁ፤ የላሙን ፒኤች 4.6 ላይ፣ የግመሉን ዝቅ አድርጌ 4.3 አካባቢ። አጓቱን አጣርቼ አስገባለሁ። ኮለሙ ሪቨርስድ ፌዝ ሲ18 ነው (ውስጡ ያለው ሲሊካ ውሃ ጠል በሆነ የ18 ካርቦን ሰንሰለት የተሸፈነ)፣ የሲሊካው ቀዳዳ 300 አንግስትሮም። በአንድ በኩል ውሃ፣ በሌላ በኩል አሴቶናይትራይል፣ ሁለቱም ውስጥ 0.1 በመቶ ቲኤፍኤ የሚባል አሲድ። አሴቶናይትራይሉን ቀስ በቀስ እጨምራለሁ፤ ግራዲየንት የምንለው እሱን ነው። የሚወጣውን በ214 ናኖሜትር ብርሃን አያለሁ፤ እያንዳንዱ ፕሮቲን ሲወጣ ግራፉ ላይ ፒክ (ጫፍ) ይሠራል። ኮለሙ የሚቀመጥበት ኦቭን 30 ዲግሪ ነው፤ የተረከብኩት ሜተድ እንደዚያ ስለሚል።

ጠዋት ስታንዳርዱን፣ ይዘቱ የታወቀውን የላም ማነጻጸሪያ፣ ሳስገባ ያስደስታል። አልፋ-ላክትአልቡሚን የሚባለው ሌላው የአጓት ፕሮቲን ቀድሞ ይወጣል፣ ቀጥ ያለ ቀጭን ፒክ። ከዚያ ቤታ-ላክቶግሎቡሊን ቢ፣ ተከትሎት ኤ፤ የአንዱ ፕሮቲን ሁለት ዓይነቶች ናቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው፣ መሐላቸው ሸለቆ አለ። ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ያንኑ ስታንዳርድ ሳስገባ አልፋው እንዳለ ነው። ትንሽ ቀደም ብሎ ይወጣል እንጂ ቅርጹ አልተነካም። ቤታው ግን ሌላ ፍጡር ይሆናል። ሸለቆው ይሞላል። ፒኩ ይወፍራል። ከኋላው ደግሞ ቤዝላይኑ (የግራፉ መነሻ መስመር) ላይ ተኝቶ የሚጎተት ጉብታ ይመጣል። ሶፍትዌሩ አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ፒክ ብሎ ይቆጥረዋል። በማግስቱ ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል።

ኮለሙ አልቋል ያሉኝ አሉ። ያለቀ ኮለም ጠዋት ጠዋት ይድናል እንዴ?

ይህ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። የባሰው ሌላ ነው። ከባቢሌ መንገድ ዳር ግመሏ ስትታለብ ቆሜ ያስቀዳሁት ወተት አለኝ። ንጹህነቱን በዓይኔ ያየሁት እሱን ነው። ከላም ስታንዳርድ በኋላ ሳስገባው፣ ልክ ቤታ-ላክቶግሎቡሊን በሚወጣበት ደቂቃ ላይ ትንሽ ጉብታ አሳየኝ። ግመሏ ዋሽታኝ ነው? ይህ ናሙና ከገበያ የመጣ ቢሆን ኖሮ "ተቀላቅሏል" ተብሎ ይፈረምበት ነበር። ቀፊራ ገበያ የምትሸጥ አንዲት እናት በእኔ ጉብታ የተነሳ ጀሪካኗ ቢደፋባት ማን ይክሳታል?

አለቃዬ "ፕሮቲን ሙቀት አይወድም፣ ኦቭኑን ወደ 25 አውርጂው" ይላል። ባልደረባዬ ደግሞ "60 አድርጊውና ተገላገዪ" ይላል። 60 ላይ ፕሮቲኑ አይበስልም ወይ? የምታውቁ ካላችሁ ምክንያቱን ጭምር ንገሩኝ። "እንዲህ አድርጊ" ብቻ የሚል መልስ ለአለቃዬ አይበቃውም።

የጁገሉ_ኬሚስት፦

አቦ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከሐረር ነኝ። "አንቺ" እያልኩ ነው የምቀጥለው፤ እኛ ጋ አንቱታ እንደሌለ ታውቂያለሽ። ሌላ አገር ሆናችሁ የምታነቡ አትደንግጡ።

መጀመሪያ ስለ ኦቭኑ። ማቀዝቀዝ ይችላል ወይስ ማሞቅ ብቻ? ብዙዎቹ ተራ ኦቭኖች ማሞቅ ብቻ ነው የሚችሉት። ከክፍሉ ሙቀት አምስት ዲግሪ ያህል ከፍ ካላልሽ መቆጣጠር ያቅታቸዋል። ድሬ በግንቦት ከሰዓት ክፍሉ 35 ሲገባ፣ አንቺ 30 ብለሽ ጽፈሽ ኦቭኑ ምን ያድርግ? ማሞቂያውን አጥፍቶ ይቀመጣል። ኮለሙ የክፍሉን ሙቀት ይከተላል። ስክሪኑ ላይ ያዘዝሽውን ቁጥር ሳይሆን የተለካውን ቁጥር እዪ። ጠዋት አንድ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌላ ይሆናል ብዬ እወራረዳለሁ። ሜተዱን የጻፈው ሰው ክፍሉ 22 ዲግሪ የሆነበት አገር ነው የጻፈው። እዚያ 30 ትክክል ነበር።

ስለዚህ ኮለሙን አትጣዪው።

ቀጥሎ ዋናው ነገር። ካፌይን ወይም ፓራሲታሞል እየሠራሽ ቢሆን ኖሮ በዚህ የሙቀት ልዩነት ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። የትንሽ ሞለኪውል ጠባይ ይታወቃል። የአሴቶናይትራይሉ መጠን ሳይቀየር ሙቀቱን አንድ ዲግሪ ብትጨምሪ የመቆያ ጊዜው (ኮለሙ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ) አንድ ሁለት በመቶ ይቀንሳል። የመቆያውን ሎጋሪዝም ከሙቀቱ ግልባጭ ጋር በግራፍ ብታስቀምጪው ቀጥ ያለ መስመር ይሰጥሻል። ፒኩ ይንቀሳቀሳል እንጂ ቅርጹን አይቀይርም።

ፕሮቲን ላይ ግን ሙቀት ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። አንደኛው ያው እንደ ትንሽ ሞለኪውሉ ነው፤ መያዣውን ያላላል። ሁለተኛው የፕሮቲኑን ቅርጽ መንካት ነው። ፕሮቲን እንደ ልቃቂት የተጠቀለለ ነገር ነው። ውሃ የሚጠሉት አሚኖ አሲዶች ውስጥ ተደብቀዋል፣ ውሃ የሚወዱት ውጭ ናቸው። ሲ18 ላይ ሲያርፍ፣ አሲዱም አሴቶናይትራይሉም ሙቀቱም ተባብረው ይፈቱታል። ውስጥ የነበረው ውሃ ጠል ክፍል ይወጣና ሲ18ቱ ላይ ይለጠፋል። የተፈታው ፕሮቲን የሚነካው ቦታ ሰፊ ስለሆነ ጠበቅ ብሎ ይያዛል፤ ዘግይቶም ይወጣል። ከኋላ የሚጎተተው ጉብታሽ እሱ ይመስለኛል።

ለዚህ ነው አንዳንድ ፕሮቲን ሲሞቅ ቀድሞ በመውጣት ፈንታ መጀመሪያ የሚዘገየው። ሁሉም ተፈትቶ ካለቀ በኋላ ደግሞ እንደማንኛውም ሞለኪውል ሙቀት ሲጨምር ይፈጥናል። ግራፉ ቀጥ ማለቱን ትቶ ይጎብጣል።

አሁን ፍጥነቱን አስቢው። ከተጠቀለለው ወደ ተፈታው መሸጋገሩ በጣም ዝግ ካለ፣ ሁለት የተለያዩ ፒኮች ታያለሽ። በጣም ከፈጠነ አንድ ሹል ፒክ ታያለሽ። ሽግግሩ የሚወስደው ጊዜ ፕሮቲኑ ኮለም ውስጥ ከሚቆይበት ጊዜ ጋር ሲቀራረብ ነው ጉዱ። ገሚሱ ተፈትቶ፣ ገሚሱ ሳይፈታ፣ ገሚሱ መንገድ ላይ እየተፈታ ይወጣል። ወፍራም ፒክ፣ የተሞላ ሸለቆ፣ የሚጎተት ጅራት። የድሬ ከሰዓት በኋላ ለአንቺ ፕሮቲን ልክ እዚያ መሐል ላይ የጣለው ይመስላል። መካከለኛ ሙቀት ከሁለቱም ዳርቻ ይብሳል።

ይህ የኔ ፍልስፍና አይደለም። ቦስተን ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ባሪ ካርገርና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በደንብ ሠርተውበታል። በ1984 ያሳተሙት ሥራ ፓፓይን ላይ ነበር፤ ከፓፓያ ወተት የሚገኘው ኢንዛይም። አንዱ ንጹህ ፓፓይን ሁለት ፒክ ሰጣቸው። ቀድሞ የወጣው ኢንዛይምነቱን ያልለቀቀው ነው፣ ዘግይቶ የወጣው የተፈታው። ፕሮቲኑን ኮለሙ ላይ ባቆዩት መጠን የመጀመሪያው እያነሰ ሁለተኛው እያደገ ሄደ። ድሬ ላይ ፓፓያ በየጋሪው የሚሸጥ ነገር ነውና ለተማሪ የሚሆን ሙከራ ፈልገሽ ከሆነ ይኸውልሽ።

አልፋ-ላክትአልቡሚን ለምን ደህና ሆነ ብለሽ ጠይቀሽ ይሆናል። እኔን ከሁሉ የሚጥመኝ ይህ ነው። አልፋው ቅርጹን ይዞ የሚቆመው በካልሲየም ነው። ቲኤፍኤ ውስጥ ፒኤቹ ወደ 2 ይወርዳል፣ ካልሲየሙ ይለቀቃል፣ ፕሮቲኑም ኮለሙ ጋ ሳይደርስ ገና ግማሽ ተፈትቷል። አራት የሰልፈር ድልድዮች ስላሉት ጨርሶ አይበተንም፣ ግን የሚጠብቀው ጥብቅ ቅርጽ የለውም። ኮለሙ ላይ የሚጨመርበት ድራማ ትንሽ ነው። ቤታ-ላክቶግሎቡሊን ግን አሲድ አይበግረውም። ፒኤች 2 ላይ ጥንድ ጥንድ የሆኑት ሞለኪውሎች ይለያያሉ እንጂ እያንዳንዱ እንደተጠቀለለ ይደርሳል። የመፈታቱ ሥራ የሚጀምረው ኮለምሽ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ፕሮቲኖች አንድ ናሙና ውስጥ ሆነው ለአንድ ሙቀት የተለያየ መልስ ሰጡሽ። ፓምፑ ወይም ኮለሙ ቢበላሽ ሁለቱንም ነበር የሚነካው።

"ፕሮቲን ሙቀት አይወድም" ለሚለው አለቃሽ ይህን ንገሪው። እውነቱን ነው፣ ግን ለሌላ ሥራ። ኢንዛይሙ ሕያው ሆኖ እንዲወጣ ከተፈለገ ሪቨርስድ ፌዝ ራሱ አይመከርም፤ አዮን ኤክስቼንጅ አለ፣ ሳይዝ ኤክስክሉዥን አለ። አንቺ የምትፈልጊው መኖሩንና መጠኑን ነው። በአሲድና በአሴቶናይትራይል እየፈታነው ሙቀት ብቻ ፈርተን ምን እናደርጋለን? ግማሽ ከሚፈታ ሙሉ ይፈታ። ሞለኪውሉ እኮ አይቆረጥም፤ የአሚኖ አሲዱ ሰንሰለት እንዳለ ነው፣ ቅርጹ ነው የሄደው። 214 ናኖሜትር ላይ የምታዪው ደግሞ በዋናነት የሰንሰለቱን ቦንድ ነው፣ ቅርጹን አይደለም።

25 ማድረግ ግን ሁለት ጊዜ መጎዳት ነው። ድሬ ላይ ያለ ማቀዝቀዣ አይሆንም። ቢሆንም እንኳ ኮለሙ ላይ የሚቀረው ፕሮቲን ይበዛል።

እዚህ ላይ ወደ ባቢሌዋ ግመል ልመለስ። ያ ጉብታ ምናልባት የላሙ ስታንዳርድ ቅሪት ነው። ፕሮቲን በዝቅተኛ ሙቀት በአንድ ግራዲየንት ሙሉ በሙሉ አይለቅም። የቀረው በሚቀጥለው ግራዲየንት ያንኑ የአሴቶናይትራይል መጠን ሲያገኝ ይወጣል፣ በትክክለኛው ደቂቃው። ስለዚህ ነው የሚያታልለው። አረጋግጪው፦ ስታንዳርዱን አስገቢ፣ ቀጥሎ ምንም ሳታስገቢ፣ መርፌው ሳይንቀሳቀስ፣ ግራዲየንቱን ብቻ አስኪጂ። ጉብታው ከመጣ ኮለሙ ላይ የነበረ ነው። ምንም ካልመጣ ግን ውሃ ስታስገቢ ከመጣ፣ ጥፋቱ መርፌው ወይም ኢንጀክተሩ ጋ ነው። ባዶውን ግራዲየንት ስትደጋግሚው እያነሰ ከሄደ ቅሪት መሆኑ ተረጋገጠ።

ጅራቱ የእውነት ሌላ ፕሮቲን ነው ወይስ የተፈታው ቤታ የሚለውንም ማየት ትችያለሽ። ናሙናውን አስገብተሽ ግራዲየንቱ ከመጀመሩ በፊት በመነሻው ላይ አቆይው፤ አንዴ ትንሽ፣ አንዴ ብዙ ደቂቃ። ሌላ ፕሮቲን ከሆነ የፒኮቹ ድርሻ አይቀየርም። የቅርጽ ጉዳይ ከሆነ ዘግይቶ የሚወጣው ያድጋል። አለቃሽ ፊት ሁለቱን ወረቀት ደርበሽ ብርሃን ላይ ብትይዢለት ከኔ ወሬ ይበልጣል።

የኔ ምክር ባልደረባሽ ያለው ነው፤ ወደ 60 ውጪ። አንድ ጉርሻም አለው። ውሃ 25 ዲግሪ ላይ ካለው ቅጥነት 60 ላይ በእጥፍ ገደማ ይቀጥናል። ፕሬዠርሽ በደንብ ይወርዳል፣ ፕሮቲኑም ቀዳዳው ውስጥ በፍጥነት ገብቶ ይወጣል፣ ፒኩ ይሾላል።

ሲ18_ጠባቂ፦

ከላይ ያለው ብዙው ልክ ነው። ግን "ወደ 60 ውጪ" ብሎ ማለፍ አይቻልም። ኮለም በዶላር ነው የሚገዛው፣ ዶላሩ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም።

የኮለሙን ወረቀት አውጥተሽ አንብቢ። ተራ ሲ18 ብዙ ጊዜ ጣሪያው 60 ነው። በአሲድ ውስጥ ሲሞቅ ሲ18ቱን ከሲሊካው ጋር የያዘው ቦንድ ቀስ በቀስ ይቆረጣል። ዛሬ አይታይሽም፤ ከወራት በኋላ የመቆያ ጊዜው እያጠረ ሲሄድ ነው የሚገባሽ። ለፕሮቲን ተብለው የሚሠሩ፣ ቦንዱ በትልልቅ የጎን ቅርንጫፍ የተሸፈነላቸው ኮለሞች ፒኤች 2 ላይ 80 ዲግሪም ይችላሉ። የአንቺ ከነሱ ካልሆነ 50 ላይ ጀምሪ፣ ከዚያ በአምስት በአምስት ጨምሪ። ፒኩ መሻሻሉን ባቆመበት ሙቀት ቁሚ። ከዚያ በላይ መሄድ ኮለም ማቃጠል ነው።

እንዲያውም ሲ18 ለዚህ ሥራ ምን አስፈለገ? ሙሉ ፕሮቲን ሰንሰለታቸው አጠር ካለው ከሲ4 ወይም ከሲ8 በቀላሉ ይለቃል። ሲቀየር ሲ4 ይገዛ በይ። የቀዳዳው 300 አንግስትሮም መሆን ግን ጥሩ ምርጫ ነው፤ በትንሽ ቀዳዳ ላይ ፕሮቲን ይጨናነቃል።

ሌላው፣ ሶልቨንቱ ኮለሙ ጋ ከመድረሱ በፊት ይሙቅ። ኦቭኑ ውስጥ የተጠቀለለ የብረት ቱቦ ካለ በእሱ በኩል አሳልፊው። ቀዝቃዛ ሶልቨንት የጋለ ኮለም ውስጥ ሲገባ መሐሉ ይቀዘቅዛል፣ ዳሩ ይሞቃል፣ ፒኩ ይሰነጠቃል። ድሬ ላይ ሶልቨንቱ ራሱ ለብ ብሎ ስለሚቆይ ችግሩ ቀለል ይላል። ሐረር ላይ ያንኑ ሜተድ ብታስኬጂው፣ ኦቭኑ ያው 60 ሆኖ፣ ውጤቱ ሊለይ ይችላል። የጁገሉ ሰው ይህን ሳይነግርሽ ማለፉ ገርሞኛል።

ፓምፑ ሳይሠራ ኦቭኑን አታሙቂ። ስትጨርሺም ሶልቨንቱ እየሄደ ይቀዝቅዝ እንጂ በጋለበት አትፍቺው።

የጁገሉ_ኬሚስት፦

ገረመህ? እኔ ጋ ቱቦው ከመጀመሪያው ተጠቅልሎ ነው የመጣው፣ አስቤውም አላውቅ። ልክ ነህ ግን። ሲ4 ላይም አልከራከርህም።

እኔም አንድ ልጨምር፣ ስለ አሴቶናይትራይሉ። ፕሮቲን ለአሴቶናይትራይል መጠን ያለው ስስነት ከትንሽ ሞለኪውል ጋር አይወዳደርም። በግምት የሚሠራ ሕግ አለ፤ የሞለኪውል ክብደቱን ስኩዌር ሩት ወስደሽ በ0.25 ታበዢዋለሽ። ቤታ-ላክቶግሎቡሊን 18,400 ገደማ ነው፣ ስለዚህ 34 ይመጣል። ለትንሽ ሞለኪውል ይህ ቁጥር 4 አካባቢ ነው። ትርጉሙ፣ አሴቶናይትራይሉ አንድ በመቶ ቢዛነፍ የትንሹ ሞለኪውል አያያዝ በአሥር በመቶ ገደማ ሲቀየር፣ የፕሮቲኑ ከእጥፍ በላይ ይቀየራል። ስለዚህ አንዳንዶች እንደሚያደርጉት ሶልቨንቱን ቀድመሽ ቀላቅለሽ ጠርሙስ ውስጥ ካስቀመጥሽ፣ በድሬ ሙቀት ከሰዓት በኋላ የሚተንነው አሴቶናይትራይል ራሱ ፒኩን ያንቀሳቅሰዋል። ሙቀት በኦቭኑ በኩል ብቻ አይደለም የሚመጣው። ቲኤፍኤም ይተንናል። ክዳኑን ግጠሚ፣ ጠርሙሱን ከመስኮቱ አርቂው።

ላብ_ከዚራ፦

ተመልሻለሁ። እግዜር ይስጣችሁ።

ኦቭኑ ማሞቅ ብቻ ነው የሚችለው። የተለካውን ቁጥር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳየው 36 ይላል፤ የታዘዘው 30። ከስክሪኑ ፎቶ አንስቼ ለአለቃዬ ላክሁለት። መልስ አልሰጠም፣ ግን 25 የሚለውን ወሬ ትቶታል።

የኮለሙ ወረቀት ጣሪያው 60 ነው ይላል። ስለዚህ በአምስት በአምስት እየጨመርኩ 55 ላይ ቆምኩ። ጉብታው ጠፋ። ቤታው ሾለ፣ ከበፊቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ይወጣል። ቢ እና ኤ እንደገና ተለያዩ፤ ጠዋት ጠዋት ከነበራቸው ርቀት ግን ጠበብ ብለዋል፣ ግራዲየንቱን ትንሽ ማዘግየት አለብኝ። ጠዋትና ከሰዓት አንድ ሆነዋል። አልፋው ምንም አልመሰለውም፤ ያ ነገር እውነትም ያስቃል።

የማቆየቱን ሙከራ በአሮጌው 30 ላይ ከሰዓት ሠራሁት። ኮለሙ ላይ ሳቆየው ጅራቱ በግልጽ አደገ። ባዶው ግራዲየንት ላይም ጉብታው መጣ፣ ሲደጋገም እያነሰ ሄደ። 55 ላይ ከስታንዳርዱ በኋላ ባዶ ሳስኬድ ቤዝላይኑ ልሙጥ ነው። የባቢሌዋም ግመል ነጻ ወጣች።

አሁን ሌላ ነገር አሳሰበኝ። ነጋዴው የላሙን ወተት አፍልቶ ቢቀላቅለውስ?

ወተት_ቤት፦

እኔ ወተት ማቀነባበር ላይ ነኝ፣ ኮለም የናንተ ነው። ግን የፈላው ጥያቄ የኔ ነው።

ተፈልቶ ከሆነ ታመልጪዋለሽ። ቤታ-ላክቶግሎቡሊን ከ70 ዲግሪ በላይ ወተት ውስጥ ሲቆይ ይፈታል። በናንተ ኮለም ላይ እንደሚፈታው ብቻ አይደለም። ውስጡ ተደብቆ የነበረ አንድ ነጻ የሰልፈር ጫፍ አለው። ሲጋለጥ ካፓ-ኬዚን ላይ ይጣበቃል፣ እርስ በርሱም ይያያዛል። ያ ኬሚካላዊ ቦንድ ነው፣ ሲቀዘቅዝ አይመለስም። ኬዚኑን በአሲድ ስታረጊው ቤታውም አብሮ ይረጋል። አጓቱ ውስጥ የሚቀረው ትንሽ ነው። አንቺም አጓቱን ብቻ ነው የምታስገቢው። ፒክ የለም፣ ስለዚህ "ንጹህ" ብለሽ ትጽፊያለሽ።

የተፈላ ወተት ከተጠረጠረ የረጋውን አትድፊው። በዩሪያና የሰልፈር ድልድዩን በሚቆርጥ ኬሚካል፣ ለምሳሌ በሜርካፕቶኤታኖል ወይም በዲቲቲ አሟሙተሽ እሱንም አስገቢው። ኬዚኑ ብዙ ፒክ ያመጣብሻል፣ ትዕግሥት ይፈልጋል። የተፈላውን የላም ወተት ራስሽ ቀላቅለሽ ማነጻጸሪያ ሥሪ።

ደግሞ ሪፖርቱ ላይ "የላም ወተት ተገኘ" አትበይ። የፍየል ቤታ-ላክቶግሎቡሊንም አለ፣ እዚህ አገር ፍየልና ግመል አብረው ነው የሚውሉት። አንድ ዕቃ ለሁለቱም ሊታለብበት ይችላል። የፍየሉን ስታንዳርድ ራስሽ ከታወቀ ፍየል አዘጋጂና ደቂቃውን እዪ። የላሙ ቢ እና ኤ የሚለያዩት በሁለት አሚኖ አሲድ ብቻ ሆኖ ኮለምሽ ይለያቸዋል፤ የፍየሉንም በደንብ ሊያሳይሽ ይችላል። እስከዚያው "ከግመል ያልሆነ ወተት" በይ፣ ይበቃል። የግመል አጓት የራሱ ፕሮቲኖችም አሉት፣ ላም ላይ የማታዪያቸው። አዲስ ፒክ ባየሽ ቁጥር አትደንግጪ፤ ከባቢሌው ወተት ጋር አስተያዪው።

የጁገሉ_ኬሚስት፦

የወተት ቤቱ ሰው የተናገረው ላይ የምጨምረው የለኝም።

አንድ ነገር ብቻ፣ ከመብራት ጋር የተያያዘ። 55 ላይ እየሠራሽ መብራት ከሄደ ፓምፑም ኦቭኑም ይቆማሉ። ናሙናው ኮለሙ ላይ ተለጥፎ አሲድ ውስጥ ይቀመጣል፣ ኮለሙም ይቀዘቅዛል። መብራቱ ሲመጣ ከቆመበት አትቀጥዪ። ያንን ናሙና ሰርዢው። መጀመሪያ ፓምፑን አስነሺ፣ ከዚያ ኦቭኑን፣ የተለካው ቁጥር 55 ደርሶ እስኪረጋ ጠብቂ። ባዶ ግራዲየንት አስኪጂ፣ ቤዝላይኑ እስኪለሰልስ ድረስ ድገሚው። ከዚያ ነው ቀጣዩን ናሙና የምታስገቢው። ስንት ሰዓት ላይ እንደጠፋና ስንት ሰዓት ላይ እንደመጣ መዝገቡ ላይ ጻፊ።

ላብ_ከዚራ፦

ትናንት ከሰዓት ሄዶ ነበር፣ ልክ ስታንዳርዱ መሐል ላይ። ሰርዤዋለሁ። የፍየሉን ወተት ነገ ከሽንሌ አስመጣለሁ፣ ክሮማቶግራሙን እዚሁ እለጥፋለሁ።